ዋስ ይጥሩ!

ድምፅ ማጉያው ድንገት ሲያፏጭ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ያዙ። አንዲት ሴትዮ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ፤ አጠገባቸው የነበሩት ደግሞ «አዑዙ ቢላህ!» አሉ። መምህር ሀብቴ ማይክራፎኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ሃሎ... አንድ፣ ሁለት... ይሰማል?»

«ይሰማል፣ መምህር! ማዶ ግራና መንደር ድረስ ይሰማል!» አለ አንድ ተማሪ ከኋላ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ለይላ ብቻ አልሳቀችም። ከማይክራፎኑ አጠገብ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ደወልና ሰዓት አለ። ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ የወጣችው እሷ ስለሆነች፣ ጥያቄውን ከወረቀት ላይ የምታነበውም፣ ተናጋሪዎቹ ሰዓት ሲያልፍባቸው ደወል የምትደውለውም እሷ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ለዚህ ቀን ስትለማመድ ነው የከረመችው። አሁን ግን ቀኝ እጇ ደወሉ ላይ፣ ግራ እጇ ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ነው። ኪሷ ውስጥ ያለውን ነገር ጨበጥ ታደርግና መልሳ ትለቀዋለች።

ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ የመጣው ከመምህር ሀብቴ ነው። ባለፈው ክረምት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄደው ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አይተው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም። «በሌላው ዓለም፣» ይላሉ ጠመኔያቸውን እያወዛወዙ፣ «ከምርጫ በፊት የየፓርቲው መሪዎች በቴሌቪዥን ይከራከራሉ። ሕዝቡ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፊታቸውን ያያል። ማን እንዳላበው፣ ማን እንደተንተባተበ አንድም አያመልጠው!» በእኛ አገር ያኔ ፓርቲ አልነበረም፤ ከተማችን መርሳም ቴሌቪዥን አልነበራትም። ምርጫ ግን ነበር። ጊዜው 1965 ዓ.ም. ነው። ለሐብሩ ወረዳ የፓርላማ እንደራሴነት የሚወዳደሩት ሁለት ሰዎች በገበያ ቀን፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ሕዝብ ፊት እንዲከራከሩ መምህር ሀብቴ ደጅ ጠንተው አስፈቀዱ።

ቴሌቪዥኑንም ሠሩት። አዎ፣ ሠሩት! የሰባተኛ ክፍል ልጆች ከባሕር ዛፍ አጣና ቤት የሚያክል አራት ማዕዘን አቆሙ፤ ዙሪያውን አቡጀዲ አለበሱት። በጎኑ የቆርቆሮ ክዳን ቸንክረው «ቁልፍ» አሉት፤ ከላዩ ሁለት ሸምበቆ ሰክተው «አንቴና» አሉት። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች በዚያ ውስጥ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ግን፣ ከግራናና ከሲሪንቃ በኩል ለገበያ የመጡት ሽማግሌዎች ያዩት ቴሌቪዥን አልነበረም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት፣ መሃላቸው ጠረጴዛ፣ ዙሪያቸውን ሕዝብ፤ ይሄማ ችሎት ነው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ችሎት እንደሚሰማ ሰው ቁጭ አሉ።

በቀኝ በኩል የተቀመጡት ግራዝማች ዓለምነህ ናቸው። የምርጫ ምልክታቸው ፋኖስ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሁሉ ፋኖሷን አይቶ እንዲመርጣቸው። ሰፊ መሬት አላቸው፣ ወልድያ ትልቅ ቤት አላቸው። በግራ በኩል አቶ ደምሴ አሉ፤ ድሮ አስተማሪ የነበሩ ቀጭን ሰው፣ ምልክታቸው ማረሻ።

ለይላ ግራዝማችን የምታውቃቸው እንደ ባለውለታ ነው። መርሳ ከስምንተኛ በላይ አያስተምርም። አባቷ አቶ አብዱሰመድ ደግሞ ወልድያ ዘመድ የላቸውም። ጥር ላይ ግራዝማች ቤታቸው መጥተው፣ «ይህቺ ልጅ ስምንተኛን ትለፍ እንጂ ወልድያ እኔ ቤት ተቀምጣ ትማራለች፤ ከልጆቼ አትለይም» አሉ። አባቷ በደስታ አንገታቸውን ደፍተው መረቁ። በዚያው ሰሞን ከእነለይላ ቤት ጓሮ ያለውን መጋዘን ግራዝማች ለጨው ማስቀመጫ ፈለጉት። አባቷ ያለ ኪራይ ሰጧቸው።

አቶ አብዱሰመድ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የመርሳ ገበያ የሚያውቃቸው ግን በጨርቃቸው አይደለም፣ በቃላቸው ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። «አብዱሰመድ ካለ አለ ነው» ይባላል። ለይላ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው፤ የአባቷን ስም ከስሟ ቀጥላ ስትጽፍ ፊደሉን እንኳ አሳምራ ነው የምትጽፈው።

ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ ጉዱ። መምህር ሀብቴ አግዳሚ ወንበር አነሰን ሲሉ፣ «እኛ ቤት አለ» ብላ ሮጠች። አግዳሚው መጋዘኑ በር ላይ ተደግፎ ነበር። ስታነሣው፣ በበሩ ሥር ጥቋቁር ነገሮች ሲርመሰመሱ አየች። ጎንበስ አለች። ነቀዝ ነው።

«ጨው ይነቅዛል እንዴ?» አለች ለራሷ።

ቀጭን እንጨት ፈልጋ በበሩ ስንጥቅ አስገባችና ወጋ አደረገች። ጆንያው ተበሳ። ማሽላ ዥ... ብሎ እግሯ ላይ ፈሰሰ። ዓይኗን ወደ ስንጥቁ ስታስጠጋ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ለይላ እዚያው ቁጢጥ እንዳለች ቀረች።

ምክንያቱም ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነበር ደብሪቱን ያገኘቻት። ደብሪቱ ከግራና ማዶ እየተመላለሰች የምትማር፣ ሦስት ዓመት አንድ ወንበር ላይ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። ከሚያዝያ ወዲህ ቀርታ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ከእናቷ ጋር በመኪናው መንገድ ዳር፣ ድርቁ ከየመንደሩ ካፈናቀለው ሕዝብ መሃል ተቀምጣ አገኘቻት። መጀመሪያ አላወቀቻትም። ጉንጯ የት እንደገባ እንጃ፤ እግሯ ግን አብጧል። «በሬዎቹ አለቁ፣» አለቻት ደብሪቱ፤ «ከዚያ ወንድሜ።»

ለይላ እያለቀሰች ወደ አባቷ ሮጠች። «አባዬ፣ ለደብሪቱ ትንሽ እህል ይስጡኝ!» አባቷ ፊታቸውን አዙረው፣ «ከየት ይምጣ የኔ ልጅ? መርሳ ውስጥ እህል የለም» አሉ። ሁለት ዳቦ ሰጧት። እሷም አመነቻቸው። እህሉ ግን አርባ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ተቆልፎበት ነበር።

*ግራዝማች አባዬን አታለዋቸዋል፣* አለች ጠዋት ከመጋዘኑ በር ላይ ስትነሣ። *ጨው ነው ብለው አታለዋቸዋል። አባዬ ሲሰሙ ጉድ ይፈላል!* ፈልጋ አጣቻቸው፤ ለሱብሂ ሶላት እንደወጡ አልተመለሱም። ከፈሰሰው ማሽላ አንድ እፍኝ ኪሷ ውስጥ ጨመረችና አግዳሚውን ተሸክማ መጣች።

አሁን አባቷ እዚያ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጠዋል። ደብሪቱ ደግሞ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ቴሌቪዥን ልታይ ነው የመጣችው።

ክርክሩ ተጀመረ። ለይላ ስለ መንገድ አነበበች፤ ሁለቱም መንገድ እንሠራለን አሉ። ስለ ትምህርት ቤት አነበበች፤ ሁለቱም ትምህርት ቤት እናሠራለን አሉ። ልጆቹ ቴሌቪዥኑ ጎን ያለውን የቆርቆሮ ክዳን እያዞሩ «ድምፅ ጨምርላቸው!» እያሉ ይንጫጫሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ግብርና ነው። እሱን ጠዋት መምህር ሀብቴ ራሳቸው በእስክሪብቶ ሰርዘው አስተካክለውታል። «ረሃብ የሚል ቃል በማይክራፎን እንዳይነሣ ተብሏል፣» አሏት ዓይኗን ሳያዩ። «የዝናብ እጥረት ነው የሚባለው።»

«በወረዳችን የታየውን የዝናብ እጥረት በተመለከተ ምን አስበዋል?» ብላ አነበበች።

አቶ ደምሴ ብድግ አሉ። «የዝናብ እጥረት!» አሉና ወደ መንገዱ ጠቆሙ። «እዚያ መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ዝናብ ብቻ ነው የጣለው? እህል የለም አትበሉ! እህል አለ፤ ተደብቋል!»

ሕዝቡ ጉም ጉም አለ። መምህር ሀብቴ ላባቸውን ጠረጉ። ግራዝማች ዓለምነህ ግን ቀስ ብለው ተነሥተው፣ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈገግ አሉ።

«ደበቀ የተባለው ማን ነው? እኔ ከሆንሁ ሕዝብ ይስማኝ። በሐብሩ ምድር በእጄ አንድ ቁና እህል ቢገኝ፣ ለድሃ ይከፋፈል! ንጉሥ ይሙት!»

ለይላ ደንግጣ ሰዓቱን ልትጥለው ነበር። ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በንጉሥ ስም፣ ዓይኑን ሳያሽ እንዲህ ይዋሻል? ግማሹ ሕዝብ እኮ እያጨበጨበ ነው!

የዚያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ መሃል አያ በላይ ተነሡ። አያ በላይ የግራና ገበሬ ናቸው፤ በወጣትነታቸው የታወቁ ነገረ ፈጅ ነበሩ፤ የሰው ነገር ይዘው ችሎት ለችሎት ሲሟገቱ የኖሩ። ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ምርኩዛቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ በቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ።

«በላ ልበልሃ!»

ድምፃቸው ማይክራፎን አላሻውም። ግቢው ጸጥ አለ።

«አያ በላይ፣ ይቅርታ፣» አሉ መምህር ሀብቴ እየሮጡ፣ «ይሄ እኮ ችሎት አይደለም። ቴሌቪዥን ነው...»

«ምንም ይሁን የኔ ልጅ። ሰው በንጉሥ ስም ምሎ፣ ይህን ያህል ነገር አፉን ሞልቶ ሲናገር፣ ዋስ ሳይጠራ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! ግራዝማች፣ ዋስ ይጥሩ!»

«ዋስ ይጥሩ!» አሉ ሌሎቹ ሽማግሌዎች እንደ አንድ ሰው። «ዋስ! ዋስ!» አለ ሕዝቡ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ተቀበሉት። መምህር ሀብቴ ማይክራፎናቸውን ይዘው በቁማቸው ቀሩ። ያሠሩት ቴሌቪዥን ዓይናቸው እያየ ችሎት ሆነባቸው።

የግራዝማች ፈገግታ ለአፍታ ጠፋ። ዓይናቸው በሕዝቡ ላይ ዞረ፣ ዞረና አንድ ቦታ ቆመ።

«ዋሴ አብዱሰመድ ነው!» አሉ።

*አይሆንም!* አለች ለይላ በሆዷ። አባቷ ከመቀመጫቸው ሲነሡ ራሷን ነቀነቀችላቸው፣ ዓይኗን አፈጠጠች። አላዩአትም። *አባዬ፣ ጨው አይደለም፣ ጨው አይደለም!* ዋስ የሆነ ሰው ነገሩ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ዕዳው የሱ ነው። መክፈሉስ ይቅር፤ ከዚያ በኋላ በመርሳ ገበያ «አብዱሰመድ ካለ» የሚል ማን ይኖራል?

አባቷ ፊት ለፊት ደርሰው ቆሙ። መሬት መሬት ነው የሚያዩት።

«ዋስ ነኝ፣» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አልሰማንም!» አሉ አያ በላይ።

«ዋስ ነኝ!»

ሕዝቡ «እንግዲህ፣ አብዱሰመድ ካለማ!» አለ። አንዳንዱ ለመነሣት ተሰናዳ። አያ በላይ ራሳቸው አንገታቸውን ደፋ አደረጉ፤ አብዱሰመድን ያምኗቸዋል። የችሎት ወግ ግን አይጎድልም።

«ዋስ ተገኘ። ዋስነቱ ከመርጋቱ በፊት ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ። ይህን ቃል የሚያፈርስ ምስክር ያለ እንደሆነ አሁን ይናገር፤ ነገ አይሰማም። አንድ!» ምርኩዛቸው መሬቱን መታ።

አባቷ ለይላ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ጠዋት ከመጋዘኑ በር ያነሣቻት ያችው አግዳሚ ናት። ለይላ በጠረጴዛው ሥር እጃቸውን ፈልጋ ያዘች። ከኪሷ ያለውን ግማሹን መዳፋቸው ላይ አፈሰሰችው።

«አባዬ፣» አለች በሹክሹክታ፣ «ጨው አይደለም። ማሽላ ነው፤ እስከ ጣሪያ ድረስ! ዛሬ ጠዋት አየሁት። አታለውዎታል። ቶሎ ይንገሯቸው፣ ዋስነቱን ያውርዱ!»

አባቷ መዳፋቸውን አዩ። ይደነግጣሉ ብላ ጠበቀች። ይቆጣሉ፣ ብድግ ይላሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ጣታቸውን አንድ በአንድ አጥፈው መዳፋቸውን ጨበጡ።

«ዝም በይ።»

«አባዬ እኮ...»

«አውቃለሁ።»

ለይላ ጆሮዋን አላመነችም።

«ሁለት!» አሉ አያ በላይ። ምርኩዙ መሬቱን መታ።

«ካወቅሁ ወር አልፎኛል፣» አሉ አባቷ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ። «ግራዝማች ሲያስገቡ ጨው ነው ብለውኝ ነው፤ ወላሂ። ኋላ ነው ያወቅሁት። ካወቅሁ በኋላ ምን ልበል? ወልድያ ማን ይቀበልሻል? ለማን ብዬ ይመስልሻል? ለአንቺ ነው፣ የኔ ልጅ። ለአንቺ ነው።»

ወር! ሐሙስ እኮ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው! «ከየት ይምጣ የኔ ልጅ» ሲሏት ያውቁ ነበር ማለት ነው። ፊታቸውን ያዞሩት ለዚያ ነበር። እኒህ አጠገቧ የተቀመጡት ሰው አባቷ ናቸው? ትላንት ማታ ትምህርቷን ያስጠኗት፣ ስትተኛ ጋቢ የደረቡላት? ግራዝማች ሲዋሹ ደንግጣ ነበር። ያ ድንጋጤ አሁን ምንም አልነበረም። ግራዝማች የሰው ናቸው፤ እኒህ ግን የሷ ናቸው።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ውሸቱ የተዋሸው ለሷ መሆኑ ነው። የምትተኛበት አልጋ፣ ወልድያ የምትቀመጥበት ክፍል፣ ዘጠነኛ ክፍል፤ ሁሉም በዚያ በር ኋላ ተደርድሮ ታያት።

ቀና አለች። አጥሩ ሥር ደብሪቱ መቆም አቅቷት ተቀምጣለች። ቴሌቪዥኑን እየተመለከተች ነው፤ ፈገግ ያለች ይመስላል። ለይላ ስታያት አየቻትና እጇን ትንሽ አነሣችላት።

ቃሉ እንዲህ ነበር፤ አንድ ቁና ቢገኝ ለድሃ ይከፋፈል። በንጉሥ ተምሎበታል፤ በሕዝብ ፊት። ነገ ግን አይሰማም።

አያ በላይ ለሦስተኛ ጊዜ ምርኩዛቸውን ከፍ አደረጉ።

ለይላ ደወሉን ደወለች።

ሰው ሁሉ ዞረ። መምህር ሀብቴ ሰዓቱን አዩ፤ ገና ነው። ለይላ ከወንበሯ ተነሣች። ኪሷ ውስጥ የቀረውን ማሽላ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። ጥቂት ፍሬ ተንከባሎ መሬት ወረደ። ግራዝማች ዓለምነህ ማሽላውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ አባቷን አዩ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ምስክር አለ፣» አለች።

አያ በላይ ምርኩዛቸውን ሳይመቱ ቀስ ብለው አወረዱት። ዓይናቸውን አጥብበው ልጅቱን ተመለከቷት። ድምፃቸው ለስለስ አለ።

«ወደዚህ ቅረቢ፣ ልጄ። ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ስሙን ከነአባቱ ይናገራል። ማን ልበል?»

ለይላ ወደ አባቷ ዞረች። አቶ አብዱሰመድ ጭብጣቸውን እንደያዙ ነው። «ተይ» ይሏታል ብላ ፈራች። እሳቸው ግን ከተጠሩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩአት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

መምህር ሀብቴ ማይክራፎኑን አላቀረቡላትም፤ አልከለከሏትምም። ራሷ ሳበችው።

«ለይላ፣» አለች። ድምፅ ማጉያው ስሟን ተቀብሎ እስከ መንገዱ ዳር ወሰደው።

ከዚያ ትንፋሿን ሳበችና የአባቷን ስም ጠራች።